ካርዱ ያልጠየቀው ጥያቄ፦ ቢላዋ በሩቅ የመግዛት ታሪክ

ጁን 29 ቀን 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዎልቨርሃምፕተን በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ከቤቱ ጥቂት እርምጃ ርቆ በሰይፍ ተገደለ። ስሙ ሮናን ነበር። ገዳዮቹ ሁለት የ16 ዓመት ልጆች ናቸው፤ የሚፈልጉት ሌላ ልጅ ነበር፣ ያገኙት ግን እሱን ነው። ሰይፉ የተገዛው ከኦንላይን ሻጭ ነው። ከሁለቱ አንዱ በእናቱ መታወቂያ ተጠቅሞ አዘዘ፤ ጥቅሉንም ፖስታ ቤት ሄዶ ወሰደ።

ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ ብዙ ተባለ። ስለ ሻጩ፣ ስለ ፖስታ ቤቱ፣ ስለ ፖሊስ፣ ስለ ወላጆች። ክፍያውን ግን ብዙ ሰው አላነሳውም። ዕቃው ከተላከ ክፍያው አልፏል ማለት ነው። ገንዘቡ እውነተኛ ነበር፣ ሻጩ ደረሰው፣ ማንም አልከሰረም። በግብይት ዓይን ሲታይ ምንም እንከን የሌለው ሽያጭ ነው።

ስለት ያለው ዕቃ በሩቅ መሸጥ ከተጀመረ ከአንድ መቶ ኃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የመክፈያ መንገዱ ደጋግሞ ተቀይሯል፦ ሐዋላ፣ ቼክ፣ ዕቃው ሲደርስ መክፈል፣ ክሬዲት ካርድ፣ ፔይፓል። እያንዳንዱ የተፈለሰፈው «ገንዘቡ ይደርሳል ወይ? ዕቃውስ ይመጣል ወይ?» ለሚል ጭንቀት መልስ እንዲሆን ነው። «የሚከፍለው ማን ነው?» የሚለውን እንዲመልስ የተሠራ አንድም የለም። መንግሥታትና ሕዝብ ግን ውሎ አድሮ ይህንኑ መልስ ከክፍያው ይጠብቁ ጀመር።

ቢላዋ በገበያ ሲሸጥ ነገሩ ቀላል ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሄድ ሰው ቢላዋውን ያነሳል፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ይሞክራል፣ እጀታው እንዳይላቀቅ ይነቀንቀዋል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ሻጩም ገዢውን ያየዋል። ገዢው የአሥር ዓመት ልጅ ከሆነ «ማን ላከህ?» ይለዋል። ይህች ጥያቄ ደንብም መመሪያም አላስፈለጋትም፤ ፊት ለፊት መቆም በቂ ነበር።

ርቀት ሲመጣ መጀመሪያ የጠፋው በአውራ ጣት መሞከር ነው። ሼፊልድ የምትባለው የእንግሊዝ ከተማ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በቢላዋ የታወቀች ናት። በ1624 የሃላምሻየር የቢላዋ ሠሪዎች ማኅበር በፓርላማ አዋጅ ሲቋቋም ከዋና ሥራዎቹ አንዱ የእያንዳንዱን ሠሪ ምልክት መመዝገብና መጠበቅ ነበር። ሩቅ አገር ያለ ገዢ ሠሪውን አያውቀውም፣ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ግን ያውቀዋል። ጀርመንም በ1938 «ሶሊንገን» የሚለው ስም በዚያች ከተማና በአካባቢዋ ባልተሠራ ስለት ላይ እንዳይጻፍ በሕግ ከለከለች። ዛሬም በብዙ ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለው መቀስ ያ ስም ተጽፎበታል። ምልክት ግን የዕቃውን ጥራት ነው የሚናገረው። ገንዘብ አስቀድሞ የላከ ሰው ዕቃው ባይመጣ ምን ያደርጋል? ለዚህ መልስ አልነበረውም።

መልሱ ከፖስታ ቤት መጣ። እንግሊዝ በ1838 የገንዘብ ሐዋላን የፖስታ ቤቷ መደበኛ ሥራ አደረገች። አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነቷ መካከል በ1864 ተከተለች፤ ወታደሮች ደሞዛቸው መንገድ ላይ ሳይሰረቅ ለቤተሰብ እንዲደርስ ታስቦ ነው። በ1872 አሮን ሞንትጎመሪ ዋርድ የሚባል የቺካጎ ነጋዴ የዕቃ ዝርዝር በአንድ ወረቀት አትሞ ለገበሬዎች መላክ ጀመረ። ሲርስ ሮባክ ተከተለው። ካታሎጎቹ እየወፈሩ መጽሐፍ አከሉ፤ በውስጣቸው ከማረሻ እስከ መስፌ ማሽን፣ ከምላጭ እስከ ሰንጢ ሁሉ አለ። ዋርድ «ካልወደዱት ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚል ቃል መግባቱ ከደግነት ብቻ አልነበረም። አይቶት የማያውቀው ገበሬ ለማያውቀው ከተሜ ገንዘብ አስቀድሞ እንዲልክ ሌላ ማባበያ አልነበረም።

ጃንዋሪ 1 ቀን 1913 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ትልልቅ ጥቅል ማድረስ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ 1 ደግሞ ዕቃው ሲደርስ መክፈል ተፈቀደ። ይህ ትንሽ የሚመስል ትልቅ ለውጥ ነው። አደጋው ከገዢው ጫንቃ ወደ ሻጩ ዞረ። ፖስተኛው ገንዘብ ተቀባይ ሆነ። ገዢው ጥቅሉ በሩ ላይ ሲደርስ ይከፍላል፤ ካልከፈለ ዕቃው ይመለሳል፣ የማመላለሻውን ወጪ ሻጩ ይችላል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በቴሌግራም ዕቃ የሚያዝ ሰው ሞተረኛው በር ላይ እስኪቆም ገንዘቡን የማይለቀው በዚያው ምክንያት ነው። ዘዴው ጥንታዊ ቢመስልም ምክንያቱ አላረጀም።

በዚህ መንገድ አንድ ነገር ሳይታወቅ ቀረ፣ ወይም ሁሉም እያየ አለፈው። በበሩ ላይ የሚቆመው ፖስተኛ የሚጠይቀው ገንዘቡን እንጂ ዕድሜን አይደለም። ሐዋላ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በመስኮቱ ጥሬ ገንዘብ ያስገባ ሰው የፈለገውን ስም ጽፎ ይልካል።

የዚህ ትልቁ ማስረጃ ቢላዋ ሳይሆን ጠመንጃ ነው። በማርች 1963 «ሂዴል» በሚል የሐሰት ስም የታዘዘ ጠመንጃ ከቺካጎ ወደ ዳላስ የፖስታ ሳጥን ተላከ። ክፍያው 21 ዶላር ከ45 ሳንቲም የሆነ የፖስታ ሐዋላ ነበር። ያዘዘው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ነው፤ በኖቬምበር ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉበት ጠመንጃ ይኸው እንደሆነ የዋረን ኮሚሽን ደመደመ። ሐዋላው በኋላ በመዝገብ ተገኘ። ማን እንደጻፈው በእጅ ጽሑፉ ታወቀ። ማስረጃ ሆነ፣ ግን ሁሉም ካለፈ በኋላ። የክፍያ መዝገብ ለመርማሪ የሚጠቅመውን ያህል ለጠባቂ አይጠቅምም፤ ይህ ልዩነት ከዚያ በኋላም ደጋግሞ ይረሳል።

ቢላዋን በተመለከተ አሜሪካ ከዚያ ቀደም ብላ ሌላ መንገድ ሞክራ ነበር። በ1950ዎቹ በአዝራር ተፈናጥሮ የሚከፈት ሰንጢ የወጣት ወሮበሎች ምልክት ሆኖ በጋዜጣና በፊልም ይወራ ነበር። በመጽሔት ማስታወቂያ እየታየ በፖስታ ይታዘዛል። ኮንግረስ በ1958 የወሰደው እርምጃ ገዢውን ማጣራት ሳይሆን ዕቃውን ራሱን ማገድ ነበር፦ ይህ ዓይነት ሰንጢ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው በንግድ እንዳይሻገር ተከለከለ። እንግሊዝ በዓመቱ፣ በ1959፣ መሸጡንም ማከራየቱንም ከለከለች። የዘመኑ ሕግ አውጪ ፖስታው ገዢውን ለይቶ ያውቃል ብሎ አላመነም ማለት ነው። በዚህ ረገድ ከኋላዎቹ ይልቅ እውነታውን የተረዳ ይመስላል።

ከዚያ ካርድ መጣ። ዳይነርስ ክለብ በ1950 ጀመረ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ1958 ፍሬዝኖ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ላሉ ነዋሪዎች 60,000 ካርድ ሳይጠይቁት በፖስታ ላከላቸው። ማጭበርበሩም ያልተከፈለ ዕዳውም ወዲያው ጀመረ፤ ባንኩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ከሰረ። ካርድን ለሩቅ ግዢ የተመቸ ያደረገው ግን ፕላስቲኩ ሳይሆን ሕግ ነው። በ1974 ሁለት አገሮች በአንድ ዓመት ሁለት ሕግ አወጡ። የአሜሪካው ሕግ ገዢው ያልደረሰውን ዕቃ ወይም ያላዘዘውን ሒሳብ እንዲከራከርና እስኪጣራ ያንን ክፍያ እንዲያቆይ ፈቀደለት። የእንግሊዙ ሕግ፣ በተለይ አንቀጽ 75፣ ከዚያም አልፎ ሄደ፦ አንድ ዕቃ ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ የሚያወጣ ከሆነና በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ፣ ሻጩ ቢያታልል ወይም ቢከስር ካርዱን የሰጠው ባንክ እኩል ተጠያቂ ነው። በሌላ አነጋገር ዕቃ ሲደርስ መክፈል በፖስተኛው በኩል ያደረገውን፣ ካርድ በባንክ በኩል አደረገው። አደጋው ከገዢው ላይ ተነሳ።

እዚህ ላይ ለቢላዋ ገዢ የሚጠቅም ዝርዝር አለ። ተራ የወጥ ቤት ቢላዋ 100 ፓውንድ አያወጣም። ስለዚህ አንቀጽ 75 አይደርስለትም፤ የሚቀረው የካርድ ድርጅቶቹ በራሳቸው ደንብ የሚያደርጉት ገንዘብ የማስመለስ አሠራር ነው፣ እሱም በሕግ የተሰጠ መብት አይደለም። ጥሩ የጃፓን ቢላዋ በአንጻሩ በቀላሉ ከዚያ ይበልጣል። ነገር ግን በካርዱና በሻጩ መካከል ፔይፓልን የመሰለ ሦስተኛ ወገን ሲገባ ሰንሰለቱ ሊበጠስና የባንኩ ተጠያቂነት ሊቀር ይችላል።

ፔይፓል ራሱ የተወለደው ከዚያው ከጥንቱ ጭንቀት ነው። ኦገስት 11 ቀን 1994 በኢንተርኔት ላይ በተመሰጠረ ካርድ የተገዛ የመጀመሪያ ዕቃ ተብሎ የሚጠቀሰው የስቲንግ የሙዚቃ ሲዲ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኢቤይ ተከፈተ። በኢቤይ የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ካርድ መቀበል የማይችሉ ተራ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ በዓለም አዲሱ ገበያ ውስጥ ገዢዎች እንደ 1872ቱ ገበሬ ቼክና ሐዋላ በፖስታ እየላኩ ሳምንታት ይጠብቁ ነበር። ፔይፓል ይህንን ክፍተት ሞላ፤ ኢቤይም በ2002 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው።

ከዚህ በኋላ ግን ታሪኩ አቅጣጫ ይቀይራል። ሐዋላን የሚያስተላልፈው ፖስታ ቤት ገንዘቡ ለምን እንደሚከፈል አይጠይቅም ነበር። ፔይፓልና የካርድ ድርጅቶቹ ይጠይቃሉ። የፔይፓል የአጠቃቀም ደንብ በሕግ ቁጥጥር ሥር ያሉ ቢላዋዎችን ከከለከላቸው ዕቃዎች ተርታ አስገብቷል። ሐረጉ ሰፊ ነው። የትኛው አገር ሕግ? የትኛው ዓይነት ቢላዋ? መልሱን የሚሰጠው ዳኛ አይደለም፣ ሒሳቡን የሚዘጋው ድርጅት ነው። በ2010 ፔይፓል፣ ቪዛና ማስተርካርድ ፍርድ ቤት ሳይወስን የዊኪሊክስን ክፍያ ሲዘጉ፣ ዓለም በክፍያ መስመር ላይ የተቀመጠ ድርጅት ምን ያህል ሥልጣን እንዳለው ያየው በግልጽ ነው። በ2013 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር «ቾክ ፖይንት» ማለትም «ማነቂያ ቦታ» የሚል ስም የሰጠው ዘመቻ ጀመረ። አጭበርባሪዎችን ከባንክ ማገድ ነበር ዓላማው፤ ነገር ግን ጥይትና ርችት የሚሸጡ ሕጋዊ ነጋዴዎችም በባንክ ተቆጣጣሪዎች «አደገኛ» ከተባሉት የንግድ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ ሕግ ሳይጥሱ ሒሳባችን ተዘጋ ያሉም ብዙ ነበሩ። ዘመቻው በ2017 አብቅቷል ተባለ። ስሙ ግን ምን እንደታሰበ በሚገባ ይናገራል።

ሰው ደግሞ በር ሲዘጋበት መስኮት ይፈልጋል። በአሜሪካ ቢላዋ ሰብሳቢዎች ዘንድ የታወቀ ልማድ አለ፦ እርስ በርስ ሲሸጣሸጡ «በማስታወሻው ላይ ቢላዋ የሚል ቃል አትጻፍ» ይባባላሉ። አንዳንዱ ከዚህም አልፎ ክፍያው «ለወዳጅና ለቤተሰብ» በሚለው መንገድ እንዲላክ ይጠይቃል። ይህ መንገድ ለስጦታ የተሠራ ስለሆነ የገዢ ዋስትና የለውም። ዕቃው ባይመጣ ወይም ተሰብሮ ቢመጣ ገዢው የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። እንግዲህ ለመከላከል የተጻፈው ደንብ ሕጋዊውን ገዢ ወደ 1864 መለሰው ማለት ነው፦ ገንዘብህን አስቀድመህ ላክ፣ ከዚያ ጸልይ። ሌባው ደግሞ ሰው ከዋስትና ውጪ ሲከፍል ደስ ይለዋል።

ወደ እንግሊዝ እንመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ በግልጽ የተፈተነው እዚያ ነው። በ1996 ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቢላዋ መሸጥ ወንጀል ሆነ። በ2007 ዕድሜው ወደ 18 ከፍ አለ። ሱቅ ውስጥ ይህ ይሠራል፤ ባለሱቁ ፊት ያያል። በኦንላይን ግን ሻጮች ዕድሜን ለማወቅ ያላቸውን ነገር ተጠቀሙ፦ «ከ18 ዓመት በላይ ነኝ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት ማስደረግ፣ የልደት ቀን ማስጻፍ፣ እና ክፍያው። ካርድ ካለው አዋቂ መሆን አለበት የሚለው ግምት አሳማኝ ይመስል ነበር።

ግምቱ ግን የተሠራው በክሬዲት ካርድ ነው። በእንግሊዝ ክሬዲት ካርድ ለማግኘት በእርግጥ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዴቢት ካርድ ግን በብዙ ባንክ የ11 ዓመት ልጅም ያገኛል፤ በስክሪን ላይ ሁለቱም አሥራ ስድስት ቁጥር ናቸው። የወላጁን ክሬዲት ካርድ የወሰደ ልጅም ቁጥሩን ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ለእንግሊዝ ነጋዴዎች የወጣው የንግድ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ይህን ተረድቶ፣ ሻጭ ሊተማመንባቸው ከማይገቡ ነገሮች መካከል እንደ ፔይፓል ያሉ የክፍያ አገልግሎቶችን በስም ጠቅሷል፤ ተጠቃሚው አዋቂ እንዲሆን ደንባቸው ቢጠይቅም ዕድሜውን ላያጣሩ ይችላሉና።

በ2019 አዲስ የጦር መሣሪያ ሕግ ወጣ፤ ስለት የሚመለከቱት ክፍሎቹ በእንግሊዝና በዌልስ ኤፕሪል 6 ቀን 2022 ሥራ ላይ ዋሉ። ሻጩ ዕድሜ የሚያጣራ ሥርዓት ሊኖረው፣ ጥቅሉ ላይ በውስጡ ስለት እንዳለና ለአዋቂ ብቻ እንደሚሰጥ ሊጻፍበት፣ የሚያደርሰውም ሰው ለአዋቂ እንዲያስረክብ ታዘዘ። ሮናን የተገደለው ከዚህ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው።

ከዚያ ሳውዝፖርት መጣ። ጁላይ 29 ቀን 2024 አንድ የ17 ዓመት ልጅ በዳንስ ትምህርት ላይ የነበሩ ሦስት ሕፃናትን በቢላዋ ገደለ፤ ብዙዎችን አቆሰለ። ቢላዋው ከአማዞን የታዘዘ ነበር። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ኢቬት ኩፐር በጃንዋሪ 2025 ይህ ልጅ እንዲህ በቀላሉ መግዛት መቻሉ አሳፋሪ ነው አሉ። በቀጣዩ ወር መንግሥት «የሮናን ሕግ» ብሎ የጠራውን አሳወቀ። ገዢው ሲያዝ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ያሳያል፤ ዕቃው ሲደርስ እንደገና ያሳያል፤ የሚረከበው ራሱ የገዛው ሰው ብቻ ነው። ለልጅ የሸጠ ሰው ቅጣት ከስድስት ወር ወደ ሁለት ዓመት እስራት ያድጋል። ሮናንን የገደለው ዓይነት «የኒንጃ ሰይፍ» ደግሞ ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ፈጽሞ ታገደ።

በዝርዝሩ ውስጥ ክፍያ የለም። ሻጩ የትኛውን ካርድ ይቀበል፣ የትኛውን አይቀበል የሚል ነገር በዋና ነጥቦቹ ውስጥ አልገባም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሕጉ ወደ ፊት ተመለሰ፤ ማለትም ሰው ሰውን ወደሚያይበት። ሞተረኛው ወይም ፖስተኛው አሁን በበሩ ላይ ቆሞ የምናለሽ ተራውን ነጋዴ ጥያቄ ይጠይቃል።

ከእቅዱ ግን አንዱ ነጥብ ከሌሎቹ የተለየ ነው፦ ሻጮች በብዛት ወይም አጠራጣሪ በሆነ መንገድ የሚገዛን ሰው ለፖሊስ ማሳወቅ አለባቸው። ይህ የመጣው መታወቂያም ካርድም ከማይዙት ሰው የተነሳ ነው። ዕድሜው የሞላ፣ ስሙ እውነተኛ፣ ካርዱም የራሱ የሆነ አዋቂ አሥርና ሃያ ቢላዋ ገዝቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ለልጆች መልሶ ይሸጣል። ሁለተኛው ሽያጭ በጥሬ ገንዘብ ወይም ከሒሳብ ወደ ሒሳብ በሚላክ ገንዘብ ያልቃል፤ ማንም አያጣራውም። በዚህ ላይ መታወቂያውን ሁለቴ ማየት አይረዳም። የሚረዳው፣ ሐዋላው ኦስዋልድን ከጊዜ በኋላ እንዳስገኘው ሁሉ፣ የክፍያው መዝገብ ነው፤ አሁን ግን ቢላዋው ልጅ እጅ ሳይገባ በፊት የሚያነበው ሰው ይፈልጋል።

ለለንደን ወይም ለበርሚንግሃም ነዋሪ፣ ዶሮ የምትበልትበት ቢላዋ ለምታዝ እናት፣ ይህ ሁሉ ሲተረጎም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሆናል። አንደኛው የገንዘቧ ጉዳይ ነው፦ ሻጩን ካላወቀችው በክሬዲት ካርድ በቀጥታ መክፈል ዛሬም የተሻለው ነው፤ «በባንክ አስተላልፊልኝ፣ ቅናሽ አደርግልሻለሁ» የሚላት ሻጭ ቅናሹን የሚሰጣት ዋስትናዋን ትታለት ስለሆነ ነው። ሁለተኛው የመታወቂያዋ ጉዳይ ነው፤ ስታዝም ሲደርስላትም ትጠየቃለች፣ ቤት ካልተገኘችም ልጇ ሊቀበልላት አይችልም። አንዱ ሌላውን አይተካም። ባንኩ ገንዘቧን ይጠብቅላታል፤ ጥቅሉን ይዞ የመጣው ሰው ደግሞ ፎቶውንና ፊቷን ያስተያያል።